ካሜራ በምራቂ አትግዙ፤ ከፊልም ወደ ዲጂታል ስሻገር የተበላሁት እንዲህ ነው

ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ልትገዙ ብር ያጠራቀማችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። በተለይ እንደ እኔ ዓመታትን በፊልም ስታነሱ ኖራችሁ አሁን ወደ ዲጂታል የምትሻገሩ። ሻጮች እኛን ይወዱናል። ካሜራ እናውቃለን ብለን ስለምንገባ ጥያቄ አናበዛም።

ፎቶ ሥራዬ አይደለም፤ የእሑድ ነገሬ ነው። የማነሳው አጎቴ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዟት በመጣት ዜኒት ኢ ነበር። ባትሪ የሚባል ነገር የላትም። የብርሃን መለኪያዋ ሴሌኒየም ስለሆነ የሚያንቀሳቅሰው ብርሃኑ ራሱ ነው። ስታነሱባት ድምፅዋ በር እንደመዝጋት ነው። አንድ ጊዜ የዘመድ ክርስትና ላይ ቅዳሴ መሀል ጠቅ አድርጌባት የዞረብኝን ዓይን እስካሁን አልረሳውም። ሌንሷ ግን፣ ባለ 58 ሚሊሜትሩ ሄሊዮስ 44-2፣ የሰው ፊት ሲያወጣ ሌላ ነው።

ታዲያ ምን አሻገረህ ካላችሁኝ፣ ፊልም ነዋ። ድሮ በየሰፈሩ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ነበር። ዛሬ ፎቶ ቤቱ አለ፣ አጣቢው የለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጋለ። ባለ 36ቱን አንድ ጥቅልል ሰው ለምኜ አስመጥቼ፣ የሚያጥብልኝ ፈልጌ፣ አንዷ ፎቶ ስንት እንደምትወጣብኝ ያሰላሁ ቀን በቃኝ አልኩ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ኒኮን ዲ7100፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የዱባይ፣ ከነሙሉ ዕቃው፣ 38 ሺህ ብር።» የሱቁን ስም አልጠራም። ካሜራው በራሱ መጥፎ ካሜራ አይደለም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ነው፣ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ሁለት ሚሞሪ ይጎርሳል። ለእኔ ቢጤው የእሑድ አንሺ ከበቂ በላይ ነው።

ታኅሣሥ 14 ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጋሼ እያለ ነው የሚያወራው። ካሜራውን ተቀብዬ ልክ እንደ ዜኒት መረመርኩት። የዜኒት ጤና በዓይንና በጆሮ ይታወቃል። የኋላ ክዳኗን ከፍታችሁ የጨርቅ መጋረጃዋን ወደ ብርሃን ታያላችሁ፤ ቀዳዳ ካለው ይታያል። ፍጥነቱን ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ እየቀያየራችሁ ትሰማላችሁ፤ ከደከመች ድምፅዋ ይጎተታል። እዚህም ሌንሱን ፈታሁ፣ መስተዋቱን አየሁ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ አስር ጊዜ ጠቅ አደረግሁ፣ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንዳለ በስልኬ መብራት ፈለግሁ። ንጹህ። ጎማው አልላላም፣ ብሎኑ አልተነካካም። አንገቴን ነቀነቅሁ። ልጁም አንገቴን ሲያይ ገባው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ይቺማ ገና ልጅ ናት» አለኝና አንድ ፎቶ አንስቶ ስክሪኑን አዞረልኝ። «ቁጥሩን ይዩት።» ከፎቶው ሥር ዲኤስሲ 0431 ይላል። «431 ፎቶ ብቻ ናት የተነሳባት።» ዜኒት ላይ የፊልሙን ቁጥር አንብቤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቁጥር ሲያሳዩኝ አመንኩ።

ከዚያ ምራቂው መጣ። ሄሊዮሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚህ ላይ ይሠራ ይሆን ብዬ ስጠይቀው፣ ከመሳቢያው የአንዱን ካሜራ ሌንስ ሌላው ላይ የሚያስገጥም አዳፕተር ቀለበት አወጣና «በዚች እንደራሱ ሌንስ ነው የሚሠራልዎት፣ መርቄዎታለሁ» አለ። ትሪፖድ መረቀ። «128 ጊጋ ሚሞሪም ለእርስዎ ምራቂ።» በእውነቱ ሌላ ሱቅ ካሜራውን በ34 ሺህ ሲሸጥ አይቼ ነበር። ምራቂውን ደምሬ እዚህ ይሻለኛል ብዬ ገዛሁ። በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልኩት። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ነገ ይምጡ» አለኝ። ነገ ማን ይሄዳል።

መጀመሪያ ያጋለጠው ቀለበቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄሊዮሱን ገጥሜ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ጀበናና ስኒ፣ ከበስተጀርባ እንጦጦ። ስኒውን አነሳሁ። የቡናው አረፋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ተራራው አዞርኩ። የሌንሱን የርቀት ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ባሽከረክረው እንጦጦ ጭጋግ እንደለበሰ ቀረ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ደብዛዛ። ግቢው በር ላይ የቆመው ልጅ፣ ደብዛዛ። ከሁለት ሜትር ያለፈ ነገር ሁሉ አልያዝ አለ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ቀላል ነገር ነው። የዜኒት ሌንስ ከፊልሙ በ45.46 ሚሊሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጥ ሆኖ የተሠራ ነው። የኒኮን አፍ፣ ሌንሱ የሚገጠምበት ማለቴ ነው፣ ከሴንሰሩ ማለትም ፊልሙን ከተካው ብርሃን ተቀባይ 46.5 ይርቃል። ሌንሱ ገና ሳይገጠም አንድ ሚሊሜትር ወደፊት ተገፍቷል ማለት ነው፤ ቀለበቱ የራሱን ውፍረት ይጨምርበታል። አንድ ሚሊሜትር ምን ትሠራለች እንዳትሉ፤ እንጦጦን የሚያክል ተራራ ትደብቃለች። መሀሉ ላይ መስታወት ያለበት ቀለበት ይሸጣል፣ ሩቁን ያመጣል፣ የሌንሱን ጥራት ግን ይገድለዋል። የሚገርመው ካኖን ኢኦኤስ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ ችግር አይነሳም ነበር። የእሱ ርቀት 44 ስለሆነ ለቀለበቱ ቦታ ይተርፈዋል። መስተዋት የሌላቸው፣ ሚረርለስ የሚባሉት አዲሶቹ ካሜራዎችማ አፋቸው ለሴንሰሩ በጣም ቅርብ ስለሆነ በቀለበት አብዛኛውን አሮጌ ሌንስ ይቀበላሉ። የአያት የአባት ሌንስ ያላችሁ ሰዎች፣ ካሜራውን ሳይሆን መጀመሪያ ይችን ቁጥር ጠይቁ። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ሱቁ በር ላይ ወጥታችሁ የመንገዱን ማዶ አንሱ።

ደወልኩለት። «ይለምዱታል ጋሼ» አለኝ። ሞኝነቴ፣ ዝም አልኩ። ያኔ ከገዛሁ ሳምንት አልሞላኝም ነበር።

ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት። ጃንሜዳ። ሌሊቱን እዚያው ነበርኩ። ከባለ 36 ወጥቼ 128 ጊጋ መግባቴ አሰከረኝ፤ መቆጠብ የለ፣ ማሰብ የለ። ጃንጥላውን፣ ከበሮውን፣ ንጋት ላይ ጸበል ሲረጭ ወደላይ የተዘረጋውን እጅ፣ ነጭ ለብሳ ውሃው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን የጨፈነች አሮጊት። 1,400 ገደማ አነሳሁ። የአሮጊቷን በስክሪኑ ሳያት ለዚች ለብቻዋ 38 ሺህ ይገባታል ብያለሁ።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት የመጀመሪያዎቹ 600 የሚሆኑት ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ምስሉ የለም። አንዳንዱ ከላይ ሲሶው ሰማይ፣ የቀረው ግራጫ። አሮጊቷ የሉም።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ስለሚነካካ ሚሞሪውን ወስዶ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፈተሸው። ፕሮግራሙ ካርዱን እስኪሞላ ይጽፍበትና የጻፈውን መልሶ ያነባል። ውጤቱ፣ 128 ጊጋ የተባለው ካርድ 8 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ፎርጅድ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ነገር ለካሜራው 128 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ካሜራው ያምነዋል፣ ይጽፋል፤ ቦታው ሲያልቅ የምታነሱት ሁሉ አየር ላይ ነው የሚጻፈው። ስክሪኑ ላይ ወዲያው የምታዩት ገና ከካሜራው ሆድ ያልወጣ ስለሆነ ምንም አትጠረጥሩም። ያ ሁለተኛው የሚሞሪ ቀዳዳ ደግሞ ባዶውን ነበር። አንድ ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ማን ነግሮኝ።

የእህቴ ልጅ የጠፉትን ለማዳን ሲሞክር የተረፉትን ፎቶዎች ኤግዚፍቱል በሚባል ፕሮግራም ከፈተና ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄን ካሜራ ስንት ተነስቶበታል ነበር ያሉህ?» አለኝ። ኒኮን በያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ካሜራው ከተወለደ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳለ ይጽፋል። የእኔ 187,412 ይላል። ኩባንያው የዚህን ሞዴል ሹተር፣ ስታነሱ የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ የፈተነው ለ150 ሺህ ጠቅታ ነው። 150 ሺህ ላይ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በእግዜር ቸርነት ነው። ገና ልጅ ናት የተባለችው ስንቱን ሙሽራ ድራ የመጣች ናት!

ዲኤስሲ 0431ስ? እሱ የፋይል ስም ነው። 9999 ሲደርስ ራሱ ወደ 0001 ይመለሳል። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ዜሮ ማድረግም ይቻላል፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ሱቁ ሄድኩ፣ ከገዛሁ በ28ኛው ቀን። ያው ትሑት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አይተው፣ ፈትነው አይደል የገዙት? ሚሞሪው ደግሞ ምራቂ ነው፣ አልሸጥኩልዎትም» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። እኔ ቀኑም አልፎብኛል፣ ደረሰኝም የለኝ። የእንጦጦው ቀን ብሄድ ኖሮ ቢያንስ ቀኑ በእጄ ነበር። አንድ የማውቃቸው ካሜራ ጠጋኝ አባት ጋ ወሰድኩት። ገልብጠው አዩትና «ሹተሩ ከሄደ ዕቃው እዚህ አይገኝም፣ ከሌላ የሞተ ካሜራ ነው የምናወጣው» አሉኝ።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ፎቶ አንሱበትና ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳለ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ እዩና ነው ቀብድ መነጋገር ያለባችሁ። ሻጩ በቴሌግራም ልላክላችሁ ካለ እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ውስጡ ያለው መረጃ ይራገፋል። ካኖን አብዛኛው ይሄን ቁጥር ፎቶው ላይ አይጽፍም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ በጠባብ የሌንስ ቀዳዳ፣ በኤፍ 16፣ አንሱና አስፍታችሁ ተመልከቱ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው ቆሻሻ እንደ ዝንብ ይታያችኋል። ዲ7100 ላይ ሜኑ ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚል አለ። የባትሪውን እርጅና ከ0 እስከ 4 ይነግራችኋል፤ የእኔ 4 ነበር። ምራቂ ከሰጧችሁ ተቀበሉ፣ ግን ሒሳብ ውስጥ አታስገቡት። ደረሰኝ ነገ ከተባላችሁ ብሩም ነገ ይሁን።

ካሜራውን እየተጠቀምኩበት ነው፣ ምን ላድርግ። ሄሊዮሱ ወደ ዜኒቷ ተመልሷል። ባለፈው ልሽጠው ብዬ እውነተኛውን ቁጥር ጽፌ ለጥፌ ነበር። ሦስት ሰው ደወለ፤ 187 ሺህ ስል ሦስቱም ስልኩን ዘጉ። ትናንት ማታ ያ ቻናል ሌላ ዲ7100 ለጥፏል፣ በ41 ሺህ፣ ከነ128 ጊጋው። ፎቶው ላይ የካሜራው ስክሪን ወደ እኛ ዞሯል። ዲኤስሲ 0212 ይላል።