6,500 ብር የወጣበት የሳይንስ ሳጥን፦ ግዙ ወይስ ተዉት?

"ይገዛ ወይስ ይቅር?" እያላችሁ የጠየቃችሁኝ መምህራን ስለበዛችሁ አንዴ ጽፌው ልገላገል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን "ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር የተጣጣመ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የሳይንስ ኪት በ6,500 ብር ገዛ። የሱቁን ስም አልጠራም። ወረቀቱ በሦስተኛው ወር ተላጠ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ስለ እኛ ሥርዓተ ትምህርት አንድም ነገር አይልም፤ ሳጥኑ ከውጭ የመጣ ነው፣ እዚህ የተጨመረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ውስጡ ምን አለ? ሁለት ማጉያ መነጽር፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ማግኔት፣ ትንሽ ሚዛን፣ አምፖል ከነመያዣው፣ ሽቦ፣ ጥቂት ቴስት ቲዩብ፣ አንድ እሽግ ሊትመስ ወረቀት (ቀለሙን እየቀየረ አሲድና ቤዝ የሚለይ)፣ የፕላስቲክ ኩባያዎችና አንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ። አዎ፣ የእንግሊዝኛ። እኛ ስድስተኛ ክፍልን የምናስተምረው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች መመሪያ በመተርጎም አሳለፍኳቸው።

በቅርቡ ለገባችሁ መምህራን ነገሩን ላስታውስ። ድሮ እስከ አራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ነበር፤ አምስተኛና ስድስተኛ ላይ የተቀናጀ ሳይንስና ኅብረተሰብ ለየብቻ ይሰጡ ነበር። አሁን እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ አንድ ላይ ሆነው አካባቢ ሳይንስ ተብለዋል። አፈሩ፣ ተክሉ፣ ሙቀቱ፣ ካርታውና የአየር ንብረቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ላይ እኔም አጉረምርሜያለሁ። መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርሰን ድረስ ከቴሌግራም ባወረድነው ፒዲኤፍ ነበር የምናስተምረው፤ በስልክ እያየሁ ዓመታዊ ዕቅድ ያወጣሁበትን ጊዜ ዓይኔ እስካሁን አልረሳውም። ቆይቶ ግን የመቀላቀሉ ነገር ገባኝ። ያስገባኝ ደግሞ ይሄው ሳጥን ነው፣ ሳያስበው።

የመመሪያው አራተኛ ሙከራ ውሃ ማፍላት ነው። ቴርሞሜትሩን ትከታላችሁ፣ በየደቂቃው ትመዘግባላችሁ፣ መጨረሻ ላይ "ውጤት፦ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ" የሚል ታትሞ ተቀምጧል። እኛ ክፍል ውስጥ ውሃው 92 ላይ ተንተከተከ። እዚያው ቆመ። ጠበቅን፤ ንቅንቅ የለም። "ቲቸር፣ ተበላሽቷል!" አለ ከኋላ አንዱ። ሌላው ጥፋቱን ወደ ምድጃው አዞረው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ቴርሞሜትሩን ነው የጠረጠርኩት፤ ሱቁን በልቤ ሰድቤው ጨርሻለሁ። በማግስቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሌላ ተውሼ መጣሁ። ያው 92።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው የበራልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ሰው ያነሰ ነው፤ ውሃውን የሚጫነው ስለሚቀንስ 100 ሳይደርስ ይፈላል። 100 የሚለው የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ወስጄበታለሁ፣ ግን ከቤቴ ድስት ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ካርታ ይዤ ገባሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ 96 አካባቢ ይፈላል። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ከ100 ዲግሪ ትንሽ ያልፋል። ልጆቹ ራሳቸው ከፍታውን ከካርታው እያነበቡ መገመት ጀመሩ። አንዷ ተነስታ "ለዚህ ነው እንዴ እናቴ ቦሎቄውን በፕሬዠር ድስት ካልሆነ አይበስልም የምትለው?" አለች። ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ውሃውም የበለጠ ይግላል፣ ቦሎቄውም ይበስላል። ይቺ ልጅ ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።

እና እዚህ ላይ ነው የሳጥኑ ጉድለት። መልሱ ታትሟል። የመምህሩ መምሪያ ልጁ ይመልከት፣ ይለካ፣ ይጠይቅ ይለናል፤ ሳጥኑ ደግሞ ምን እንደምታገኙ ቀድሞ ይነግራችኋል። የሚነግራችሁም ለአዲስ አበባ ልጅ ትክክል ያልሆነ ቁጥር ነው። ባይሳሳት ኖሮ ያን ሁሉ አንማርም ነበር ካላችሁኝ አልከራከርም። ግን ለስህተት 6,500 ብር አይከፈልም።

ሊትመሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ። 58 ተማሪ፣ አንድ እሽግ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። ሌላ ከመግዛት ሐምራዊውን ጥቅል ጎመን ከትፌ ቀቀልኩና ውሃውን ይዤ መጣሁ። ሎሚ ሲጨመርበት ሮዝ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት አረንጓዴ ይሆናል። ሦስት ሴክሽን አዳረሰ፣ ጎመኑም ተበላ።

ማግኔቶቹ ደካማ ናቸው። መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ጠየቅኩ። ሻጩ "ለምንሽ ነው እህቴ?" አለኝ፤ ለተማሪ ስለው የመጀመሪያውን ዋጋ ግማሽ አድርጎ ሁለት የባትሪ መብራት አምፖል መረቀልኝ። ያ ማግኔት የሳጥኑን ሁለቱንም ያስንቃል። ልጆቹ በላስቲክ ጠቅልለው ግቢው አፈር ላይ ሲጎትቱት ጥቁር ጥቁር ብናኝ ተሸክሞ ተነሳ። አፈራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረት ያለበት ማዕድን አለው። በላስቲክ መጠቅለሉን አደራ፣ ያለዚያ ብናኙን ስትለቅሙ ታመሻላችሁ።

አሁን የሚመሰገነውን ላመስግን። ማጉያ መነጽሮቹ ግሩም ናቸው። መስታወታቸው እውነተኛ መስታወት ነው፣ ቶሎ አይጫጫርም። የጤፍ ፍሬ፣ የጉንዳን እግር፣ የራሳቸው የጣት አሻራ፣ ያላዩት የለም። ችግሩ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። ሚዛኗም ታማኝ ናት፤ ከሰፈር ሱቅ ሚዛን ጋር አስተያይተናታል (ባለሱቁ ብዙም አልተደሰተም)። ቴስት ቲዩቦቹ ግማሹ እስከ ገና ተሰበሩ። አምፖሉ አንድ ቀን በርቶ ተቃጠለ፣ መለዋወጫ የለውም።

ዕቅድ ላይ የተማርኩትንም ልጨምር፣ ኪት ብትገዙም ባትገዙም ይጠቅማችኋል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ዕቃ ማደልና መሰብሰብ ብቻ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይበላል፣ ተማሪ እስኪቀመጥ ደግሞ ሌላ። ዕለታዊ ዕቅዴ ላይ በየሳምንቱ ሙከራ እየጻፍኩ ግማሹን ሳልሠራው ቀርቷል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የነበረውን መሸማቀቅ ተዉት። አሁን በሁለት ሳምንት አንድ ሙከራ ነው የማቅደው፣ ግን ከግብረ ገብ መምህሯ ጋር ተቀያይረን ሁለት ክፍለ ጊዜ አያይዤ። አንዱ ቡድን ሲለካ ሌላው ይመዘግባል፣ ሌላው ይሥላል። ለተከታታይ ምዘና የምይዘውም የመዘገቡትን ነው እንጂ መልሱን አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለው፣ ስለዚህ ወላጅም ዳይሬክተርም "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ማለታቸው አይቀርም። እኔ ለልጆቹ "ፈተና ላይ ውሃ በስንት ይፈላል ከተባለ 100 በሉ፣ በባሕር ወለል የሚለውን በሆዳችሁ ያዙት" ብያቸዋለሁ። ደስ አይልም፣ ግን ምን ይደረግ።

ስለዚህ ሳጥኑን ሙሉውን አትግዙ። በዚያው ብር ሚዛን፣ ሁለት ቴርሞሜትርና ማጉያ መነጽር ለየብቻ ግዙ፣ የቀረውን ከምናለሽ ተራና ከጓዳ ሰብስቡ። እኛ ጋ ያለው አሁን ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማጉያዎቹ ግን ከእኔ ቦርሳ አይወጡም። እንደነሱ ያለ ባለመስታወት ማጉያ ነጥሎ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ አሥራ ሁለት እፈልጋለሁ።