ከፊልም ወደ ዲጂታል ራጅ፦ ሲአር ወይስ ዲአር?

ፊልም ማጠብና ማድረቅ የሰለቸው የራጅ ክፍል ሁለት መንገድ አለው። ፉጂ ኩባንያ በ1983 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሲአር (ኮምፒውትድ ራዲዮግራፊ) ነባሩን ማሽን አያስቀይርም፤ በፊልሙ ካሴት ፋንታ የራጁን ምስል ለጊዜው የሚይዝ የፎስፈር ሰሌዳ ያለበት ካሴት ይገባና በሌዘር ይነበባል። ባለሙያው ግን ካሴት ይዞ ከመመላለስ አይድንም፤ ሰሌዳው ሳይነበብ ሰዓታት ከቆየም ምስሉ ይደበዝዛል።

ዲአር (ዲጂታል ራዲዮግራፊ) ጨረሩን በጠፍጣፋ መቀበያ ተቀብሎ ምስሉን በሰከንዶች ውስጥ ስክሪን ላይ ያወጣል። ድንገተኛ ታካሚ ለሚበዛበት ሆስፒታል እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ጠፍጣፋው መቀበያ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ ኪሳራው አይጣል ነው!

ሁለቱም የሚደብቁት አደጋ አለ፦ ፊልም ጨረር ሲበዛበት ጠቁሮ ያጋልጣል፤ ዲጂታሉ ግን ምስሉን አሳምሮ ያሳያል። ስለዚህ ከምስሉ ጋር የሚወጣውን የጨረር መጠን አመልካች ቁጥር በየጊዜው መከታተል የግድ ነው።