የቡና ማስጫ ወለል፦ የብረት መረብ ወይስ ፋይበር?

ጅማ ላይ ለቡና ማስጫ አርማታ ልታስፈስሱ ነው? በውስጡ የብረት መረብ ይግባ ወይስ የፖሊፕሮፒሊን ፋይበር (ከአርማታው ጋር የሚደባለቅ ቀጭን የፕላስቲክ ክር)?

መረቡ ወለሉ ቢሰነጠቅ እንኳ አንድ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ግን ከውፍረቱ ላይኛው ሲሶ ላይ መቀመጥ አለበት። ሠራተኛ ረግጦት መሬት ከነካ ብሩ ባከነ ማለት ነው። የክረምት ውሃ በስንጥቁ ሲገባ ደግሞ ይዝጋል፤ ዝገቱ ሲያብጥ አርማታውን ይፈነቅለዋል።

ፋይበሩ አይዝግም። ለ1 ሜትር ኩብ ከ0.6 እስከ 0.9 ኪሎ ግራም ይበቃል። አርማታው ገና ሳይጠነክር ፀሐይና ንፋስ የሚያመጡትን ቀጫጭን ስንጥቅ ይቀንሳል። ላዩ ላይ ክሩ እንዳይቀር ግን በደንብ ይለሰን፤ ቡና ነውና የሚሰጣበት። ውሃ ማጠጣቱም አይቀርም፣ ቢያንስ 7 ቀን።

እኔ ለማስጫ ፋይበሩን እመርጣለሁ። አይሱዙ የሚገባበት ከሆነ መረቡ ይግባ። ለምሰሶና ለቢም ግን ፌሮን በዚህ ፋይበር መተካት በፍጹም አይሞከርም።