ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ በጎንደር፦ ዘመድ ለታሰረበት ቤተሰብ

በፖለቲካ ጉዳይ ሰው ለታሰረበት ቤተሰብ ይህ ቢሮ ባለውለታ ነው። አካልን ነፃ ለማውጣት፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 የሚቀርበውን አቤቱታ ከነቃለ መሐላው ያለ ክፍያ ይጽፋሉ። ማን ያዘው፣ የት አለ፣ በስንት ሰዓት ተወሰደ ብለው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ሰዓቷ ወሳኝ ናት፤ ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚጓዝበትን ጊዜ ሳይጨምር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል።

«ፖሊስ ወሰደው» ብቻ የሚል አቤቱታ፣ ጣቢያው «እኛ ጋ የለም» ሲል መላ ያጣል። ስለዚህ ሰውየው እዚያ መኖሩን እንዲያሳይ ስንቅ የገባበትን ቀን፣ የተቀበለውን ተረኛ፣ ባዶ ምሳ ዕቃው የተመለሰበትን ሰዓት ሳይቀር ያስመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሰው ያድናል!

ቅዳሜና እሁድ መዘጋታቸው ግን ያስቆጫል፤ ዓርብ ማታ ለተያዘ ሰው 48ቱ ሰዓት በዚያው ያልቃል። መታወቂያችሁን ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ።