ሃዋርድ፣ ሞርጋን ወይስ ኮሌጅ ፓርክ? ሜሪላንድ ላለ ወላጅ

እቁብ ተጥሎ ቡና ሲቀርብ አንዱ ይጠይቀኛል፦ «ልጄ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋለች፣ ልላካት?» ስንት ዕርዳታ ሰጧት? እላለሁ። ከደብዳቤው የማየው «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ሳይሆን ከታች ያለውን ቁጥር ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ የሞርጋን ስቴት ወገን ነኝ፤ ባልቲሞር ያለው፣ በታሪክ ለጥቁሮች የተቋቋመው የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማለቴ ነው። ለዚህ የበቃሁት ግን ገንዘብ ካቃጠልኩ በኋላ ነው።

ልጄ በመጀመሪያ፣ በ2024 መኸር፣ የገባችው ከሜሪላንድ ውጭ ባለ አንድ የግል የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። ስሙ ይቆየን። ከስኮላርሺፕና ከፔል ግራንት (ከማይመለሰው የፌዴራል ዕርዳታ) የተረፈውን 26 ሺህ ዶላር ፓረንት ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር ፈረምኩ። ይህ ብድር በልጅ ሳይሆን በወላጅ ስም የሚጻፍ ነው። የዚያ ዓመት ወለዱ 9.08 በመቶ ነበር፤ ከዋናውም ገና ሲለቀቅ ከ4 በመቶ በላይ ተቆርጧል። የዓመት ወለዱ ብቻ ከ2,300 ዶላር ያልፋል። በዚህ ላይ የዶርሟ ግድግዳ ሻገተ፣ እስኪታደስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ስልክ አያነሳም፤ «ሰነድ ይጎድላል» እያሉ ያንኑ ወረቀት ሦስት ጊዜ አስላኩኝ። በዓመቱ ወደ ሞርጋን አዛወርኳት፤ ካጠናቀቀችው 30 ክሬዲት (የኮርስ ነጥብ) 24ቱን ተቀበሉላት። ስድስቱ ቀለጠ።

አሁን ወደ ዋጋው። ለሜሪላንድ ነዋሪ ትምህርቱና ልዩ ልዩ ክፍያው ተደምሮ ሞርጋን በዓመት 8 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፣ ሌላው የመንግሥት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ቦዊ ስቴት 9 ሺህ፣ ኮሌጅ ፓርክ ማለትም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ 12 ሺህ ይጠጋል። ዲሲ ያለው ሃዋርድ ግን ዶርምና ምግብ ሳይጨመር ከ35 ሺህ በላይ ነው። የግል ስለሆነ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ደጃፉ ብትኖሩም አይቀንስላችሁም። የሃዋርድ የአንድ ዓመት ክፍያ ሞርጋን አራት ዓመት ያስተምራል! በዲቪ ገና የመጣችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የነዋሪ ዋጋ የሚገኘው ሜሪላንድ 12 ወር ከኖሩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሞርጋንም ከእጥፍ በላይ ያስከፍላል።

«ሃዋርድ እኮ ስም አለው» ይሉኛል። አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ሕግ የተማረው እዚያ ነው፤ አሜሪካ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ተወካይ የነበረው የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና ያጠናው እዚያው ነው። ሞርጋንም ግን የተመሠረተው በዚያው በ1867 ነው። ሕንፃው አርጅቷል ለሚሉ፦ ስቴቱ ለአራቱ የመንግሥት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች በጀት ሲያጎድል ኖሮ በ2006 ተከሰሰ፤ በ2021 በአሥር ዓመት ውስጥ 577 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጣቸው ተስማማ። ጉድለቱ የማን እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

«የጥቁር ትምህርት ቤት» ብለው ከንፈር ለሚመጥጡ ዘመዶቼ መልስ መስጠት ትቻለሁ። ልጄ ግን አንድ ነገር ነግራኛለች፦ «አባዬ፣ ስለ አፍሪካ ሲነሳ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እኔን አያየኝም»። ሃይስኩል አራት ዓመት ሲያዩዋት ኖረዋል።

ኮሌጅ ፓርክ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ከተቀበላትና ዕርዳታው ጥሩ ከሆነ አልከራከርም፤ ትሂድ። ሃዋርድም ቢሆን ክፍያውን ከሞላ ጎደል ከሸፈነላት ይሁን፤ ከቤት እየተመላለሰች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዛ ፎርት ቶተን ላይ በአረንጓዴው ከቀየረች የዶርሙም ወጪ ይቀራል። ከዚያ ውጭ ያለው ሞርጋን ነው።

ከአስመሳዩም ተጠንቀቁ። ጋዋን የለበሱ ጥቁር ልጆችን ፎቶ ለጥፎ «በ18 ወር ነርስ» የሚል ለትርፍ የተቋቋመ ትምህርት ቤት አለ። ጎረቤቴ 22 ሺህ ዶላር ከፍላ ጨርሳ የካውንቲው የመንግሥት ኮሌጅ ወደሆነው ሞንጎመሪ ኮሌጅ ስትሄድ አንድም ክሬዲት አልያዙላትም። በሕጉ የጥቁሮች ታሪካዊ ኮሌጅ የሚባለው ከ1964 በፊት የተቋቋመ ነው። የተመሠረተበትን ዓመት ጠይቁ፣ ክሬዲቱን ማን እንደሚቀበልም በጽሑፍ አስጽፉ።

ፋፍሳን (የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻውን) እስከ ማርች 1 ሙሉ፤ የሜሪላንድ ዕርዳታ የሚመጣው በእሱ ነው። ፓረንት ፕላስ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት ከ20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላ ከ65 ሺህ ዶላር አያልፍም፤ ለኔ ዘግይቶ መጣ እንጂ። ያቺ የመጀመሪያ ዓመት ብድር ዛሬም በየወሩ 330 ዶላር ትወስዳለች፤ አሥር ዓመት ነው የፈረምኩት።