የተጣበቀ ታርጋ ለማንሳት፦ ቲነር ወይስ ክር?

የመኪናዬ የቀድሞ ባለቤት የኋላውን ታርጋ በብሎን አላሰረውም፤ ባለ ሁለት ፊት ስፖንጅ ማጣበቂያ ለጥፎበታል። እዚህ ሐዋሳ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁለት ነገር መከሩኝ። ግማሹ «በቲነር አርሰው»፣ ግማሹ «አሙቀህ በክር ቁረጠው» አለኝ።

ቲነር ፈጣን ይመስላል። ግን ከታርጋው ጀርባ አይደርስም፤ የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋግመው ሲያፈሱት ወደ ቀለሙ ይወርዳል። ቲነር ቀለም ማቅጠኛ መሆኑን አትርሱ! በተለይ ጋራዥ ውስጥ በድጋሚ የተቀባ መኪና ላይ ፈጽሞ አታስጠጉት። ያ ቀለም ከፋብሪካው ይልቅ ቶሎ ይላላል።

እኔ የመረጥኩት ክሩን ነው። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ደግሞ ሐይቅ ዳር ላለ ሰው ብርቅ አይደለም። መጀመሪያ ዙሪያውን አጥቦ አሸዋውን ማስወገድ ነው፤ ቀለም የሚጭረው እሱ ነው። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ 15 ሳንቲሜትር ያህል አርቆ፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማሞቅ። ማጣበቂያው ሲለሰልስ ክሩን ከላይ አስገብቶ እንደ መጋዝ ግራና ቀኝ እየሳቡ መውረድ። ጣት እንዳይቆርጥ ጫፎቹን እንጨት ላይ ጠምጥሙት። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ክሩም ይበጠስ ይሆናል። ቢሆንም በቢላ ለመፈልቀቅ አትቸኩሉ።

የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣት እያሹ ማንከባለል ይቻላል። እምቢ ካለ ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ ወዲያው በሳሙና ማጠብ።