ጂንጃ፦ የዝርዝርን ማብቂያ በአግባቡ የሚይዝ ቴምፕሌት

በደሴ ፒያሳ ላለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ድረ ገጽ ስሠራ ለፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀውን፣ መረጃን በገጽ ቅርጽ (ቴምፕሌት) ውስጥ የሚሞላውን ጂንጃን ለወራት ተጠቅሜበታለሁ። እዚህ የምገመግመው ብዙዎች አቅልለው የሚያልፉትን አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም የሉፕን (ለዝርዝሩ አባላት በየተራ የሚደጋገም ትእዛዝን) የመጨረሻ አባል የሚያስተናግድበትን መንገድ ነው።

ሱቁ ዕቃ የሚልክባቸው ከተሞች በገጹ ግርጌ «ወደ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ እና ባቲ እንልካለን።» ተብለው መውጣት ነበረባቸው። ዝርዝርን ወደ አንድ ጽሑፍ የሚያያይዘው ጆይን የተባለው ማጣሪያ (ፊልተር) በስሞቹ መካከል አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ስለሚያስገባ ነጠላ ሰረዙን እንጂ «እና»ን አይሰጥም። ስለዚህ በየዙሩ «ሉፕ.ላስት»ን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዙሩ የመጨረሻው ከሆነ «እና»፣ ካልሆነ ነጠላ ሰረዝ ከስሙ በፊት ይገባል። ከዚያም አስቀድሞ ግን «ሉፕ.ፈርስት» መጠየቅ አለበት፤ ዙሩ የመጀመሪያው ከሆነ ከስሙ በፊት ምንም አይገባም፤ ዝርዝሩ አንድ ከተማ ብቻ ሲይዝ ያቺ ከተማ መጀመሪያም መጨረሻም ናትና። ይህን ሳላስተውል በመቅረቴ አንድ ቀን ገጹ «ወደ እና ሐይቅ እንልካለን» ብሎ ወጣ፤ ባለሱቁም ደውለው «ልጄ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ በእጅጉ አፈርሁ።

ጂንጃን የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ከሆነው ከጃንጎ ቴምፕሌት ያስበለጠብኝ ሌላ ነገር ነው። ወደ ባቲ መላክ ለጊዜው ሲቆም ባቲን በሉፑ ውስጥ በ«ኢፍ» (ቅድመ ሁኔታን በሚፈትሸው ትእዛዝ) ብንዘላት፣ የመጨረሻው ዙር አሁንም የእርሷ ስለሆነ «እና» አብሯት ይጠፋና «ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ» ተብሎ ይቀራል። ጂንጃ ግን ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ ሉፑን በሚጀምረው በራሱ በ«ፎር» መስመር ላይ መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ «ሉፕ.ላስት» ቅድመ ሁኔታውን ያለፉትን ብቻ ይመለከትና «እና» ከከሚሴ በፊት በቦታው ይገኛል። በጃንጎ ዝርዝሩን ወደ ቴምፕሌቱ ከመግባቱ በፊት ማጣራት ግድ ነው፤ እርግጥ ይህ በራሱ መጥፎ ልማድ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚሻው ክፍት ቦታ ነው። ኮዱን ለንባብ እንዲመች በየመስመሩ ስንከፋፍለው ከነጠላ ሰረዙ በፊት ክፍተት ይፈጠራል፤ በስልክ ላይም ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል። በታጉ (ትእዛዙን በሚይዘው ቅንፍ) ጠርዝ የመቀነስ ምልክት ማስገባት ክፍተቱን ያጠፋዋል፤ ሆኖም በ«እና» ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት አብሮ እንዳይጠፋ ማየት ያሻል። እኔ ሁሉንም በአንድ ማክሮ (በስሙ እየተጠራ ደጋግሞ በሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አስቀምጬ ለጨርቆቹ ቀለምና መጠንም በዚያው እጠቀማለሁ።